አንድ ቆጣሪ ለአራት በር

ውኃ የቆጠበ ሰው የውኃ ሂሳቡ ይቀንስለታል ይባላል። አይቀንስለትም። ይህን የምለው ለመቃወም ያህል አይደለም፤ ለመቃወም ያህል የምናገረው ነገር ብዙ መሆኑን ባለቤቴ ትመሰክራለች። ይህንን ግን በገዛ ገላዬ፣ ያውም ሳይታጠብ በከረመ ገላዬ ያረጋገጥኩት ነው። ለሦስት ወር ያህል በመሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የእኔን ያህል ውኃ የቆጠበ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ወር የመጣው ሂሳብ ደግሞ በድብቅ መዋኛ የከፈትኩ ያስመስል ነበር።

የምንኖርበት ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነው። ታች ሁለት በር፣ ላይ ሁለት በር። ታች በስተቀኝ ባለቤቱ ጋሽ ተክሌ ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ። በስተግራ፣ ወደ መንገዱ በሚከፈተው ክፍል፣ ጠላ የሚሸጡት እትዬ በላይነሽ አሉ። ላይ በአንደኛው በር ሄኖክ የሚባል ወንደላጤ የባንክ ሠራተኛ፣ በሌላው እኔና ባለቤቴ አስካለ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ አነባለሁ። ችግሩ የመጣው ከሁለተኛው ነው።

አራት በር፣ ቆጣሪው ግን አንድ። ግቢው በር አጠገብ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ተቀምጧል። ወር ሲሞላ ጋሽ ተክሌ ሂሳቡን ለአራት እኩል አካፍለው በየበሩ ያንኳኳሉ። እንግዲህ አስቡት፦ እኔ ከንፈሬ እስኪደርቅ ብቆጥብ፣ የቆጠብኩት ለአራት ይካፈላል። ሄኖክ ቧንቧ ከፍቶ ቢተኛ፣ የፈሰሰው ለአራት ይካፈላል። ከዚህ በላይ ለጨዋ ሰው የማይመች፣ ለዝርክርክ ሰው የሚመች ሥርዓት በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። የራሴን ቆጣሪ ላስገባ ብዬ ስጠይቅ ጋሽ ተክሌ «ግድግዳዬን አላስበሳም» አሉ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ስለዚህ በትሕትና ሌላ መንገድ ሞከርኩ።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «እኔና አስካለ ሁለት ነን። በበር ከሚካፈል በሰው ቢካፈል አይሻልም?»

«በሰው ስትል?»

«እርስዎ ቤት ስንት ሰው አለ?»

ፊታቸው ጠቆረ። ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አደረጉ። «መምህር፣ እኔ በጌን እንኳ ቆጥሬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ይበርክት ብዬ ነው የምለቀው። አንተ ልጆቼን በውኃ ሂሳብ ልታስቆጥረኝ ነው?»

«ግምቱን ቢነግሩኝ እንኳ...»

«እግዜር የሰጠኝን ያህል ናቸው።»

በዚህ አገር ዐዋቂ የሆነ ሰው የልጆቹን ብዛት ሲጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፤ የተቆጠረ ነገር ዐይን ውስጥ ይገባል ተብሎ ይፈራል። ልማዱን አከብራለሁ። ይሁንና በመስኮት ቆጥሬያቸው ነበር። በአዘቦት ቀን ዘጠኝ ናቸው። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡት ዘመዶች ሲጨመሩ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ከዚያ አህዮቹ አሉ። አህያ እንደ ማንም ነፍስ አላት፤ እንዲያውም ከእኔ የበለጠ ትጠጣለች፤ ሂሳብ ሲካፈል ግን አትጠራም።

በክርክር ያልተሸነፈን ሰው በአርአያነት አሸንፈዋለሁ አልኩ። ለጥቂት ወራት በማያጠራጥር ሁኔታ ውኃ ካልነካሁ በኋላ ወደ ጋሽ ተክሌ ሄጄ «እኔ እኮ የውኃ ነገር ከተውኩት ቆየሁ» ለማለት ነበር ዕቅዴ። ገላን አለመታጠብ ቀላሉ ነበር። መንዝ ውስጥ በዚህ በኩል የሚፈተን ሰው የለም፤ አየሩ ራሱ ያግዛል። ፊቴን የታጠብኩበትን ውኃ ለእግሬ አደረግኩት። የእግሬ እጣቢ ወለል ተወለወለበት። ከወለሉ የተጨመቀው በባልዲ ተጠራቅሞ መጸዳጃ ቤት ተደፋ።

«ይሄ ውኃ ከእኔ ይልቅ ቤቱን አየው» አለች አስካለ።

በልግ ሲገባ ደግሞ በረዶ ወረደ። የእኛ አገር በረዶ ሲወርድ ሰው ወደ ቤት ይሮጣል፤ እኔ ሳፋ ይዤ ወደ ውጭ ሮጥኩ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ውኃ ከሰማይ በነፃ እየወረደ ለቆጣሪ መክፈል ሞኝነት መስሎ ታየኝ። አንድ ሳፋ ሙሉ ሰበሰብኩ። ማታ ትኩሳት ያዘኝ። አስካለ በረዶውን አቅልጣ፣ አፍልታ፣ እኔኑ ዘፈዘፈችበት። «በል ተቆጠብ» አለችኝ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ እየሳበች።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ታምሜ በተኛሁበት ስልኬ ላይ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። በሀብታም አገር የሚኖሩ ሰዎች የመጸዳጃ ቤታቸው ሲፎን ውስጥ፣ ማለት ከመቀመጫው ኋላ ውኃ የሚጠራቀምበት ሳጥን ውስጥ፣ የተሞላ ጠርሙስ ያስቀምጣሉ አሉ። ጠርሙሱ ቦታ ስለሚይዝ ሲፎኑ በትንሽ ውኃ ይሞላል፤ በተጫኑት ቁጥር የጠርሙሱን ያህል ይተርፋል። ሐሳቡ አስደነቀኝ። ጠርሙሱ ግን አልተዋጠልኝም። መንዝ ውስጥ የሚያንሰው ነገር ብዙ ነው፤ ድንጋይ ግን አንሶ አያውቅም።

ደግሞ ማንኛውም ድንጋይ አይሆንም አልኩ። ሲሻለኝ ለሥራ ሞላሌ ደርሼ ስመለስ ሚኒባሳችን መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ሾፌሩና ረዳቱ ጎማ ሲቀይሩ፣ ተሳፋሪው ሲያጉረመርም፣ እኔ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ እመርጥ ነበር። ለስላሳ፣ ድፍን፣ የሕፃን ጭንቅላት የምታህል ጥቁር ድንጋይ አገኘሁ። ረዳቱ ከእጄ ነጥቆ ለጎማ ማስደገፊያ ሊያደርጋት ሲል «እሷን ተው፣ የእኔ ናት!» ብዬ ጮኽኩ። ተሳፋሪው ማጉረምረሙን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ እስከ መሐል ሜዳ ድረስ እቅፌ ውስጥ ያለችውን ድንጋይ ሲያዩ ቆይተው፣

«ልጄ፣ መሐል ሜዳ ድንጋይ አለቀ እንዴ?» አሉኝ።

ሰው ለአዲስ ሐሳብ ጊዜ ያስፈልገዋል ብዬ አለፍኳቸው።

ድንጋይዋን አጥቤ ሲፎኑ ውስጥ አስገባኋትና ክዳኑን መለስኩ። በዚያ ሰሞን ነው አስካለ «መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይንሾካሾካል» ማለት የጀመረችው።

«ሄኖክ ሲታጠብ ነው።»

«ጠዋትም ማታም?»

«የባንክ ሰው ነው» አልኳት። በዚህ መልስ እኔ ረካሁ።

ከዚያ ሂሳቡ መጣ። ጋሽ ተክሌ ወረቀቱን ይዘው በየበሩ ከማንኳኳት ይልቅ ግቢው መሐል ቆመው ተጣሩ። ከወትሮው ሦስት እጥፍ ነበር። ሄኖክ ሁለት ጊዜ በስልኩ አካፍሎ አየው፤ በሁለቱም ጊዜ ያው ሆነበት።

«ማነው ይሄን ሁሉ ውኃ የጠጣው?» አሉ ጋሽ ተክሌ።

በዚያች ቅጽበት እኔ ብቻ መልሱን የማውቅ መሰለኝ። ማወቅ ደስ የሚል ነገር ነው። በግቢያችን ውስጥ ጋን የሚያጥብ፣ ብቅል የሚዘፈዝፍ፣ ድፍድፍ የሚያቀጥን ማነው? ለምን እስከ ዛሬ እንዳልታየኝ ገረመኝ። ቤት ገባሁና ለጋሽ ተክሌ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ርእሱ «የጠላ ጠመቃን እና የጋራ ቆጣሪን በተመለከተ» ይላል። ውስጡ «ጠላ ማለት ከጌሾ ጋር የተዋወቀ ውኃ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አለበት። ያንን ዐረፍተ ነገር ጽፌ ተነሥቼ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ እንደዚያ ነበር ያስደሰተኝ።

ጋሽ ተክሌ ግን ዐይናቸው ደከም ያለ ነው። ወረቀቱን ለሄኖክ ሰጥተው «እስቲ አንብብልኝ» አሉት። ሄኖክ ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሦስቱንም ገጽ አነበበው። የእትዬ በላይነሽ የጓሮ በር ክፍት ነበር። ውስጥ ደንበኞች ነበሩ።

አንድ ጽሑፌ እንዲህ በፍጥነት ተሰራጭቶ አያውቅም። በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ስገባ ሰዎች ስለ ጌሾና ስለ ውኃ ትውውቅ ሲጫወቱ ደረስኩ። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ደግሞ አደገ። እኔ «ብዙ ውኃ ይጠቀማሉ» ነው ያልኩት፤ ገበያ ሲደርስ «የጎረቤት ውኃ እየሰረቀች ትጠምቃለች» ሆነ። የእትዬ በላይነሽ የዘወትር ደንበኛ የሆኑ አንድ የደብር አገልጋይ «የሰው ውኃ በጌሾ ቢለወጥም የሰው ነው» ብለው ብርጭቋቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ከእሳቸው በኋላ ሌላው ደፍሮ ማን ይቀመጣል? በሳምንቱ አግዳሚዎቹ ባዶ ሆኑ። ያልተሸጠ ጠላ ደግሞ አይጠብቅም፤ ሁለት ጋን ኮምጥጦ ሲደፋ በመስኮቴ አየሁ። እትዬ በላይነሽ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ቤታቸውን የያዙት በዚያች ጠላ ነው። ሴት ልጃቸውን ደብረ ብርሃን የሚያስተምሩትም በዚያችው ነው። ጋሽ ተክሌም «እንዲህ ከሆነማ ክፍሉን ትለቃለች» ማለታቸው ተሰማ።

እትዬ በላይነሽ ደረጃው ሥር ጠብቀው አገኙኝ።

«መምህር፣ ጽሑፍህን ሰማሁት። እጅህስ ጥሩ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ እርስዎን ለመጉዳት ሳይሆን መርሑን...»

«መርሑን ተወውና ስማኝ። እኔ በቧንቧ ውኃ ጠምቄ አላውቅም። የቧንቧው መድኃኒት መድኃኒት ይለኛል፣ ጠላዬን ያጠፋብኛል። ከምንጭ ነው የማስመጣው።»

«ማስረጃ አለዎት?»

«ማስረጃዬ አህያው ነው» አሉ።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ጀሪካን ጭኖ የሚመጣውን አህያ እኔም አውቀዋለሁ። የጋሽ ተክሌ ዘመዶች አህያ ነው ብዬ በውኃ ጠጪነት መዝግቤው ነበር። ውኃ አምጪ መሆኑን መቀበል ሦስቱንም ገጽ እንደገና መጻፍ ስለሚሆን፣ አልተቀበልኩም።

ይልቁንም ትልቁን ሐሳብ አመጣሁ። በድሮ ጊዜ አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ከብት ሲጠፋ፣ ጎተራ ሲዘረፍ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን በመሐላ ያወጣል። በስሙ መናገር የፈራ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ያወጣል። ስለዚህ ነገር ያላነበብኩት የለም። ለጋሽ ተክሌ ሳስረዳቸው ዐይናቸው በራ። «አያቴ ዳኛ ሆነው ይቀመጡ ነበር» አሉ። «እሑድ ከቅዳሴ መልስ። ማንም እንዳይቀር።»

እሑድ ደግሞ የሰፈራችን የውኃ ተራ ነው። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ ረቡዕና እሑድ። በዚያ ቀን ያልቀዳ እስከ ረቡዕ ባዶ ጀሪካን ታቅፎ ይቀመጣል። ይህን ለጋሽ ተክሌ ማንም አላሳሰባቸውም፤ ቢያሳስባቸውም የዳኛ ልጅ ልጅ መሆናቸውን ካስታወሱ በኋላ የሚመለሱ አልነበሩም።

«ቧንቧችሁን ዝጉ። በራችሁን ቆልፉ። ሁላችሁም ውጡ» አሉ። የግቢውን በር በሰንሰለት አሰሩት። በርኖሳቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ግቢው መሐል ወንበር ላይ ተቀመጡ። የቤታቸው ሰው፣ እግዜር የሰጣቸውን ያህል፣ በግራና በቀኝ ተኮለኮለ። እትዬ በላይነሽ ቆጣሪው አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር መፍተል ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ያልቃል?» አለ ሄኖክ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታ አለ።»

«ሌባው ሲገኝ ያልቃል።»

«ሌባው ባይገኝስ?»

«እንግዲያው ጨዋታውን ለረቡዕ ያዘው» አለችው አስካለ።

መሐላው ተፈጸመ፤ ምስክርነቱ ተጀመረ። የጋሽ ተክሌ ባለቤት፣ ወፍ ነግራኝ ነው ብለው፣ ሄኖክ በሳምንት ሦስት ጊዜ ገላውን እንደሚታጠብ አወጡ። ግቢው በድንጋጤ ተንጫጫ።

«በዚህ ብርድ?» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ለምን? ታመሃል?»

«ስፖርት ስለምሠራ ነው» አለ ሄኖክ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

እሱም በተራው፣ ለእሱም ወፍ ነግራው፣ በገበያ ቀን ስለሚመጡት አህዮች ተናገረ። ጋሽ ተክሌ ምስክሩን አቋርጠው «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ ወፍ አላስፈለገኝም። ተነሥቼ ቆምኩ። ስለ ጋን እጥበት ተናገርኩ። ስለ ብቅል መዘፍዘፊያ ተናገርኩ። ድፍድፉ ሲቀጥን የሚገባውን ውኃ በጀሪካን አስልቼ አቀረብኩ። ወደ ሮምና ወደ ግብጽም ትንሽ ደረስ ብዬ ተመለስኩ። የእትዬ በላይነሽ እንዝርት ይሽከረከራል፣ ክሩ ይረዝማል። ስጨርስ የሁሉም ሰው ዐይን እሳቸው ላይ አረፈ።

«እህስ በላይነሽ?» አሉ ጋሽ ተክሌ። «የተባለውን ሰምተሻል።»

እትዬ በላይነሽ እንዝርታቸውን በእጃቸው ያዝ አድርገው አቆሙት። መልስ የሚሰጡ መስሎን ጠበቅን። እሳቸው ግን ወደ እኛ አልነበረም የሚያዩት። ጎንበስ ብለው፣ የቆጣሪውን ቆርቆሮ ገለጥ አድርገው፣ ውስጡን እያዩ ነበር።

«ጋሽ ተክሌ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሁላችንም እዚህ ነን አይደል?»

«ሁላችንም ነን።»

«ቧንቧው ሁሉ ተዘግቷል?»

«ተዘግቷል።»

«ታዲያ ይቺ ነገር ለማን ነው የምትዞረው?»

ጋሽ ተክሌ በዱላቸው ተደግፈው መጡ። ሄኖክ መጣ። እኔም መጣሁ። የቆጣሪዋ ትንሽ ቀይ መንኮራኩር ልክ እንደ እንዝርቱ፣ ሳትቸኩል፣ ሳትቆም፣ ትዞራለች። ግቢው ጸጥ ሲል ደግሞ ከላይ፣ ከፎቁ በኩል፣ በግድግዳው ውስጥ የሚወርድ ቀጭን ሹክሹክታ ተሰማ።

አስካለ ወደ እኔ ዞረች። ሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው እንዲህ ሲያየኝ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

«ሄኖክ ቤት ነው» አልኩ።

የሄኖክን ቤት ከፈቱ። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ የሳሙና ሽታ ብቻ ያለበት ቤት ነው። ጋሽ ተክሌ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። «ከዚህ ማዶ ነው» አሉ። ከዚያ ማዶ እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ቤቱ ዛሬ ትንሽ ተዝረክርኳል፤ ነገ ብናየው...»

«እኔ ዛሬ ጠዋት ነው ያጸዳሁት» አለች አስካለ፣ ቁልፉን ለጋሽ ተክሌ እያቀበለች።

ሰው ሁሉ መጸዳጃ ቤቴ በር ላይ ቆመ። በሕይወቴ ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ እቤቴ መጥቶ አያውቅም። ጋሽ ተክሌ የሲፎኑን ክዳን አነሡ። ተንሳፋፊዋ ኳስ፣ ሲፎኑ ሲሞላ ከፍ ብላ ውኃውን የምትዘጋው፣ በጥቁሯ ድንጋይ ተይዛ አንገቷን ደፍታለች። ከፍ ማለት አልቻለችም፤ ስለዚህ ውኃው አልተዘጋም፤ ስለዚህ ውኃ በመጣ ቀን ሁሉ፣ ከንጋት እስከ ማታ፣ ቀስ እያለ በመቀመጫው በኩል ወደ ጉድጓድ ይወርድ ነበር።

ጋሽ ተክሌ እጃቸውን ሰድደው አወጧት። እያንጠባጠበች መዳፋቸው ላይ አገላበጧት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ መሆኑንማ አየሁት። እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ይቆጥባል» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀው ሄኖክ ነበር። ከዚያ የጋሽ ተክሌ ልጆች። ከዚያ ሳቁ ደረጃውን ወርዶ ግቢው ውስጥ የቀሩት የጋሽ ተክሌ አሮጊት አክስት ጋ ደረሰ፤ እሳቸው ጆሯቸው ስለማይሰማ ነገሩ ሁለት ጊዜ ተነገራቸው፤ ሁለት ጊዜም ሳቁ። ያልሳቁት እትዬ በላይነሽ ብቻ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው የፈተሉትን ክር ጠቅልለው እያሰሩ ነበር።

ወደ ግቢው ወረድን፤ ፍርድ ሊሰጥ። እኔ በራሴ ጥያቄ የተጠራ ጉባኤ ፊት ቆምኩ። ዕዳውን ሁሉ፣ የአራቱንም በር፣ ብቻዬን እከፍላለሁ አልኩ። ጋሽ ተክሌ «እሱማ መች ይቀራል» አሉና ወደ እትዬ በላይነሽ ዞሩ። «አንቺስ ምን ካሳ ትያለሽ?»

«ገንዘቡን ለቆጣሪው ይክፈል» አሉ። «እኔ ገንዘብ አልፈልግም። ሰዎቼን ይመልስልኝ።»

«እትዬ፣ ሰው እንዴት አድርጌ...»

«እንዴት አድርገህ እንዳባረርካቸው ታውቅ የለ?»

ሦስቱን ገጽ አስታወስኩና አንገቴን ደፋሁ። ይህ በሕይወቴ የማይዘወተር ነገር ነው።

«እስኪመለሱ ድረስ ደግሞ» አሉ፣ «ቦታቸውን አንተ ያዝልኝ። አግዳሚዬ ባዶ አይደር። ከሥራ ስትወጣ መጥተህ ትቀመጣለህ፣ እንደ ሰው ትጠጣለህ። እስኪሞላ ድረስ።»

«ተፈርዷል!» አሉ ጋሽ ተክሌ፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ። አያታቸውም እንዲህ ይሉ እንደነበር አልጠራጠርም። ሰንሰለቱ ተፈታ። ሁሉም ወደ ጀሪካኑ ሮጠ። ውኃው በዚያች ሰዓት ሄዷል።

ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ማምሻውን እዚያው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ጠላው ጥሩ ነው፤ የምንጭ ውኃ ያስታውቃል። ችግሩ ብዛቱ ነው። አንድ ጋን የሚጨርሱ የሃያ ሰው ቦታ ለብቻዬ ይዣለሁ። እትዬ በላይነሽ ብርጭቆዬ ጎደል ሲል ሳይጠይቁ ይሞላሉ፤ ይህን የሚያደርጉት በቂም ይሁን በደግነት እስካሁን ማወቅ አልቻልኩም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ባልደረቦቼን አንድ በአንድ ለመንኩ። «ድንጋዩስ ደኅና ነው?» ብለው ይስቁና ያልፋሉ። የደብሩን አገልጋይ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠላው የተጠመቀው እትዬ በላይነሽ ራሳቸው በሚያስመጡት የምንጭ ውኃ መሆኑን፣ ሌባውም እኔ ራሴ መሆኔን ነገርኳቸው። «አንተ ጠጥተህ ነው የምታወራው» አሉኝ። ጠጥቼ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ተፈርዶብኝ እኮ ነው።

ሦስት ገጽ ጽፌ ባዶ ያደረግኩትን ቤት በወሬ ልሞላው አልቻልኩም። አንዱ አምኖ ቢመጣ፣ እኔን ብቻዬን ተቀምጬ ሲያይ ቤቱ ለመምህሩ የተከራየ መስሎት ከበር ይመለሳል። ልጅቷ ከደብረ ብርሃን ደውላ «እማዬ፣ ሰው መጣ?» ስትል፣ እትዬ በላይነሽ «አንድ አለ» ሲሉ ትናንት በጆሮዬ ሰማሁ። አንዱ እኔ ነኝ። በአንድ ሰው ልጅ አትማርም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ፣ ስለ ውኃ ቁጠባ የተማራችሁት ነገር ካለ ለራሳችሁ ያዙት፤ እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ተነሡና መሐል ሜዳ ኑ። ሚኒባሱ ሲያወርዳችሁ የእትዬ በላይነሽን ጠላ ቤት ጠይቁ፤ ገብታችሁ ተቀመጡ፤ ጓደኛ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። ከእኔ ጎን ሰፊ ቦታ አለ። ኑና ጠጡ።